ዲሹ ምንም አልሆነም

ከከሚሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄድ ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት፣ የዲሽ ሳህን አቅፎ ጎኗ የተቀመጠውን ዲሽ ገጣሚ ገና ሳንነሳ በጥያቄ ያዘችው።

«ወንድሜ፣ ዜና የምናይበት ጣቢያ ጠፋብን። ዲሹ ዞሮ ይሆን?»

«ዲሹ ምንም አልሆነም፣ እህቴ። ጣቢያው የዲኮደሩን ድርጅት ‹ክፍያ ጨምርልኝ› አለው፤ ድርጅቱ እምቢ አለ። እስኪስማሙ ተቋርጧል።»

«እኛ የወሩን ከፍለን የለም እንዴ?»

«ሁሉም እኔ ላይ ነው የሚጮኸው! ዜና እንደሆነ በሌላውም ሞልቷል።»

«ኧረ በአላህ! ባሌ ጆሮው አይሰማም። ዜናውን በእጇ የምትናገር ሴት ያለችው እዚያ ጣቢያ ላይ ብቻ ነው።»

«አሃ… ማል ጎና፣ እህቴ? ምን እናድርግ?»

«አሁን የዜና ሰዓት ሲደርስ ደጅ ይወጣል። አገር ሰላም መሆኑን የሚያውቀው የጎረቤት ፊት እያየ ነው። እኔንም አኩርፎኛል፤ ያጠፋሁበት መስሎት።»

«ታዲያ ጥፋቱ የነሱ ነው በይዋ!»

«በምን ልበለው? እኔ በእጄ የማውቀው ‹ና›፣ ‹ብላ›፣ ‹ገበያ ልሄድ ነው› ብቻ ነው። ‹ሁለት ድርጅቶች በዋጋ አልተስማሙም› በእጅ እንዴት ይባላል?»

ሐርቡ እስክንደርስ ድረስ ሁለት ጣቶቼን በሻርፔ ሥር እያገናኘሁና እያለያየሁ ሞከርኩት።