ሥራው ምንድን ነው ቢሉን

ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች፣ አንድ አዛውንትና አንድ ጎልማሳ፣ ጋቢ ደርበዋል። ለአንድ ወጣት ሚስት ሊጠይቁ ሽምግልና እየሄዱ ነው።

"ጋሼ፣ ልጁ እኮ በወሩ መጨረሻ ከሥራ ይቀነሳል" አለ ጎልማሳው።

"የትኛው ልጅ? ይሄ የላከን?"

"አዎ። እሱ ገና አያውቅም።"

"አለቃው አንተ አይደለህ እንዴ? ለምን አትነግረውም?"

"ይፋ እስኪሆን ትንፍሽ እንዳትል ተብያለሁ። ከተናገርኩ እኔም እባረራለሁ።"

"ታዲያ ሽማግሌ ሁነኝ ሲልህ ለምን እሺ አልክ?"

"እምቢ ብል ለምን ይለኛላ።"

"አሁን የልጅቷ አባት ሥራው ምንድን ነው ሲሉስ?"

"እርስዎ ቢመልሱልኝ ብዬ ነበር።"

"እኔ ደግሞ አለቃው ይኸው፣ እሱ ይመስክር ልል ነበር!"

ጎልማሳው ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰበሰበ።

"በል ደውልለት" አሉ አዛውንቱ።

"ጋብቻው ቢቀርስ?"

"ይቅራ! ሰው ደጅ ቆመን ከምንዋሽ።"

"እንጀራዬስ ጋሼ?"

ጎልማሳው ስልኩን አውጥቶ ብዙ ካየው በኋላ ደወለ። የልጁ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ።

"አለቃዬ! እሺ አሏችሁ እንዴ?"

መውረጃዬ በመስኮቱ ሲያልፍ አየሁት፤ ወራጅ አለ ማለት ግን አቃተኝ።