ዶናቶ ከአባቱ በኋላ

በኅዳር በወይራ አገሩ በሳሌንቶ ሰው ሁሉ፣ የተኳረፈውም ሳይቀር፣ ወይራ መጭመቂያው ቤት ይገናኛል። ወረፋው የትየለሌ ነው፤ ሆኖም ሣጥኑን ትቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሞኝ የለም። ዘይቴ ከጎረቤት ዘይት ይቀየጥብኛል የሚለው ስጋት ከቅድመ አያት የወረደ ነው። ሽማግሌው ኦሮንዞም በዚያ ቀን የወይራ ሣጥኖቹን ደርድሮ፣ ልጁን ዶናቶን ዘብ አቁሞ፣ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አዲስ ዘይት የፈሰሰበት የተጠበሰ ዳቦ ይበላ ነበር።

ስለ ኦሮንዞ አስቀድሞ አንድ ነገር መባል አለበት። ዶናቶ ከዳውን ሲንድሮም ጋር ሲወለድ ሐኪሙ «ከዚህ ልጅ ብዙ አትጠብቅ» ብሎት ነበር። ኦሮንዞ ግን ጠበቀ። ጫማ ማሰር ለማስተማር ሁለት ዓመት ፈጀበት፤ አስተማረው። ወይራ መግረዝ አስተማረው፤ ዛሬ ዶናቶ የገረዘውን ዛፍ አይቶ የማያደንቅ ገበሬ የለም። የኦሮንዞ ሚስት ካረፈች ወዲህ የልጁን ጢም የሚላጨው፣ ነጎድጓድ ሲሆን አጠገቡ የሚቀመጠው እሱ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አባት ተፈልጎ አይገኝም፤ ሰባ አራት ዓመት የሞላው መሆኑ ነው እንጂ ክፋቱ።

ወረፋው ሳይደርሰው የጎረቤቱ ልጅ ሎሬዳና የእናቷን ዘይት ልትወስድ ድንገት ገባች። ባሪ ከተማ ሕግ ተምራ ጠበቃ ሆናለች፤ በልጅነቷ ግን ከዶናቶ ጋር ባንድ ሳህን የበላች ናት።

«ጋሽ ኦሮንዞ፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ዛሬማ በጣም ደህና ነኝ፤ ሸክሜን ላወርድ ነው። ዓርብ ውል አዋዋይ ዘንድ ሄጄ ቤቱንም ማሳውንም በፓስካሊና ስም አዞራለሁ። እኔ ስሞት ወንድሟን እሷ ትይዘዋለች። አለቀ።»

ፓስካሊና ባል ያገባችው ታላቅ ልጁ ናት።

«ለዶናቶስ ምን ተረፈው?» አለች ሎሬዳና።

«እህቱ አለችለት አልኩሽ እኮ።»

«አይቆጡኝና ጋሼ፣ ፓስካሊና ብትቀድመውስ?»

«አታሟርቺ።»

«አላሟረትኩም። እሷ የሆነ ነገር ብትሆን ቤቱ የባሏና የልጆቿ ነው። አበዳሪ ቢመጣባትም፣ እዚያ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል ብሎ የሚጠይቅ የለም።»

ኦሮንዞ ዳቦውን አስቀመጠ። «ለእናቷ ምላለች። አልጋዋ ሥር ተንበርክካ ነው የማለችው። እኛ ቤት ደግሞ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ነው።»

«እኔም የፈራሁት ይህንኑ ነው፤ ቃሉ ቆሞ ልጁ እንዳይጠፋ።»

ሽማግሌው ይህን ተረት ዕድሜ ልኩን ሲተርት ኖሯል፤ የሚጠፋው ልጅ ዶናቶ ሊሆን ይችላል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም። ደስ አላለውም።

«እሺ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«ቤቱን በአደራ አስቀምጥ ነበር። ለዶናቶ ኑሮ ብቻ እንዲውል በሕግ ይታሰራል፤ እሱ በሕይወት እያለ የሚሸጠው የለም፣ የማንም ዕዳ አይነካውም። አደራውን የሚይዝ ሰው ይሰየማል፤ ያንን ሰው ደግሞ የሚቆጣጠር ሌላ ሰው። ዶናቶ ሲያልፍ የተረፈው ለፓስካሊና ልጆች ይሆናል። ከዚያ ዳኛ ዘንድ ቀርበን ለዶናቶ ደጋፊ እናሾምለታለን፤ ባንክና ሐኪም ቤት ሲሄድ አብሮት የሚቆም።»

«ዳኛ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ኦሮንዞ ከመቀመጫው ተነሣ። «የዳቦ ጋጋሪውን ወንድም ምን እንዳደረጉት አላየሁም? በፍርድ የተከለከለ ነው፣ በራሱ ጉዳይ አያዝም ብለው ፈርደውበት፣ እስኪሞት ድረስ ሰው መሆኑ ቀረ። ልጄ ሰው አይደለም የሚል ወረቀት በገዛ እጄ ላስወጣ?»

«እሱ የድሮው አሠራር ነው ጋሼ። የአሁኑ ዳኛ መጀመሪያ የሚያናግረው ራሱን ዶናቶን ነው። የሚችለውን አይነካበትም፤ በሚያቅተው ብቻ ነው የሚታገዘው።»

«እኔ ብዙ ነገር እችላለሁ» አለ ዶናቶ ከሣጥኖቹ አጠገብ።

«ትችላለህ እንጂ። ኳስ ብቻ ነው የማትችለው» አለችው ሎሬዳና።

«አንቺም አትችዪም።»

ሰዉ ሳቀ፤ ኦሮንዞም ሳይወድ ፈገግ አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ልጁ እንዳይሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እውነቱን ልንገርሽ። የኔ ውል ከላይኛው ጋር ነው። ማታ ማታ፣ ጌታዬ፣ ከዶናቶ አንድ ቀን ብቻ አስከትለህ ውሰደኝ እለዋለሁ። ቀብሬው በማግሥቱ ልሂድ። ሌላ ምን እለምናለሁ?»

የሎሬዳና ዓይን እንባ አቀረረ። ይህ ሰው ምን ያህል እንደሚወድ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ቢሆንም ዝም ማለት አልሆነላትም። «ጋሽ ኦሮንዞ፣ ይኼ እኮ የልጅዎን ሞት መለመን ነው።»

ሊቆጣ ፈለገ፤ አልሆነለትም። ዶናቶ ጎንበስ ብሎ ከወይራው መሐል ቅጠል ይለቅም ነበር፤ ጤነኛ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ገና ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ኦሮንዞ አፈረ። ክፋት አልነበረውም፤ መውጫ ያጣ ፍቅር ነው እንዲያ ያስጸለየው። ከሱ በኋላ ስላለው ቀን ያሰበ እየመሰለው፣ ያ ቀን እንዳይመጣ ብቻ ሲለምን መኖሩ ያን ጊዜ ገባው።

ፓስካሊና ዘይቱን ልትጭን መኪናዋን አቁማ ስትገባ አባቷ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጣት፣ «ለእናትሽ የማልሽውን ከልብሽ ነው የማልሽው?» አላት።

ሎሬዳናን አየች፣ አባቷን አየች። «ከልቤ ነው። እወደዋለሁ፤ ከኔ ቤት ማንም አያስወጣውም። ግን አባዬ፣ ለሚሞት ሰው እንቢ ይባላል እንዴ? ባሌ ደግ ነው፤ ሱቁ ግን በባንክ ብድር ነው የቆመው። ነገ ቢወድቅ ይዘው የሚሄዱት በኔ ስም ያለውን ነው። ማታ ይኼን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም።»

«ምነው ታዲያ አልነገርሽኝም?»

«ወንድሟ ከበዳት እንዳትለኝ ነዋ።»

ኦሮንዞ ልጁን እጇን ያዛት። ብዙ አልተናገረም፤ ግትር ሰው ሲረታ እንዲያ ነው። «ዓርብ ሁላችንም እንሄዳለን። ሎሬዳና፣ አንቺም ነይ፤ እኔ እነዚያ ሰዎች የሚሉት አይገባኝም» አለ።

ሄዱ፤ ቤቱና ማሳው በአደራ ተቀመጠ። የተገኘው ጥቅም ቢነገር ነውር የለውም። ፓስካሊና እንቅልፏን አገኘች፤ አሁን ወንድሟን የምትጠይቀው እንደ ዘበኛ ሳይሆን እንደ እህት ነው። አማቹ ስለ ሱቁ ሲያወራ ኦሮንዞ አይጨነቅም። ዶናቶም በሳምንት ሁለት ሌሊት፣ እንደሱ ያሉ ወጣቶች ከአጋዥ ጋር በሚኖሩበት ቤት ማደር ጀመረ፤ አንድ ቀን አባቱ ሲያልፍ የሚኖርበትን ከወዲሁ እየለመደ ነው። እዚያም ጢሙን ራሱ መላጨት ተማረ። ኦሮንዞ የመጀመሪያውን ምሽት በር በር ሲያይ አመሸ፤ ልጁ ግን በማግሥቱ አገጩን ምላጭ ቧጭሮት፣ እየሳቀ መጣ።

የቀረው ዳኛዋ ፊት መቅረብ ነበር። በመጋቢት ቀረቡ። ዳኛዋ ሽበት ያላት ሴት ናት፤ ሌላውን ሁሉ ትታ ወደ ዶናቶ ዞረች።

«አቶ ዶናቶ፣ አባትዎ ሲደክሙ ማን እንዲያግዝዎ ይፈልጋሉ?»

ዶናቶን አንቱ ያለው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ቀና ብሎ ተቀመጠ።

«ፓስካሊና። እሷ አትጮህም።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ሥራ አለኝ። አባባ መድኃኒቱን ይረሳል። ደረጃ ላይ ያዞረዋል፤ እኔ ነኝ የምይዘው።»

ዳኛዋ ኦሮንዞን አየችው። «እውነት ነው?»

ሽማግሌው ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለራሱም ቢሆን አምኖ አያውቅም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አሽከረከረና፣ «እውነት ነው» አለ። «አንድ ዓመት አለፈው።»

«ይህም ይጻፍ» አለች ዳኛዋ ለጸሐፊዋ፤ «አባቱን የሚያግዘው እሱ ነው።»

«በደንብ ይጻፍ» አለ ዶናቶ።