የጎህ ላፍቶ እርጥብ ሳር

የጥቅምት ጤዛ ገና ከሜዳው አልተነሣም። በ1989 ዓ.ም. ላፍቶ ግማሹ እርሻ፣ ግማሹ ቆርቆሮ ቤት ነበርና፣ ማለዳ ላይ ጉሙ ከወንዙ ወጥቶ ሜዳውን ሲያለብሰው የጎሎቹ አግዳሚዎች ብቻ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። አቶ ዱጉማ ጋቢያቸውን ደርበው በዚያ ጉም ውስጥ ይሄዳሉ። ነቅተው ይሁን ተኝተው እሳቸውም በቅጡ አያውቁም። ሌሊት ያዩት ሕልም አልለቀቃቸውም። ላሞቻቸው የሰፈሩን ቡድን ቢጫ ማሊያ ለብሰው እዚሁ ሜዳ ላይ ይግጣሉ፤ አንድ ሰው ገመድ ይዞ እየመጣ አንድ በአንድ ይወስዳቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ዳር ቆመው የምትሄደውን ሁሉ ይመርቃሉ። ወይ ጉድ! ላም ማሊያ ለብሳ ታውቃለች?

ሜዳው የአባታቸው ግጦሽ ነበር። የሰፈሩ ቡድን ጎህ ላፍቶ የተወለደውም እዚሁ ነው። ቡድኑ ሌላ ቦታ የማይገኝ አንድ ልማድ ነበረው፦ አዲስ ተጫዋች በመጣ ቁጥር አቶ ዱጉማ እርጥብ ሳር ነጭተው፣ በእጁ አስይዘው፣ በሕዝብ ፊት ይመርቁታል። አንዴ ከተመረቀ ደግሞ ኳስ ቢስትም፣ ሜዳ ላይ ቢተኛም ደጋፊው አይሰድበውም። ነውር ነው። ያን ዕለትም ከሰዓት በኋላ ምርቃት ስለነበር ሳሩን ሊነጩ ነው የመጡት።

ጎንበስ እንዳሉ ከጉሙ ውስጥ የሰው ሳል ሰሙ።

«ማነህ አንተ?»

«እኔ ነኝ ጋሽ ዱጉማ፣ ጸጋአብ። የወይዘሮ ፀሐይወርቅ ልጅ። እንደምን አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን። አስተማሪው! በዚህ ብርድ ምን አመጣህ?»

«እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትናንት እንደዚያ ተቀጥቅጠን ማን ይተኛል?»

ጸጋአብ ኮሌጅ ጨርሶ ሒሳብ የሚያስተምር፣ ጎህ ሲሸነፍ ግን ምሳ የማይቀምስ ወጣት ነው። ሽማግሌው ሳቅ አሉና መንጨታቸውን ቀጠሉ።

«አይዞህ። ዛሬ ብሎኬት ነጋዴው አቶ ደምሰው፣ ሱልጣን የሚሉትን አጥቂ ያመጡልናል። ስሙን ድሮ በሬዲዮ ስሰማው ነበር።»

«ድሮ! ችግሩ እሱ ነው ጋሽ ዱጉማ። ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ነው የሚሮጠው። አምና የመጣው አጥቂ ከሩጫው እንቅልፉ ይበልጥ ነበር። ያን ሁሉ ገንዘብ ለፊርማ ከፍለው ያለቀለት ሰው ያመጣሉ፤ እዚሁ ያደገውን ኮርሳን ደግሞ ሳንሰማ ለሌላ ቡድን ሸጡት።»

የኮርሳ ስም ሲነሣ የሽማግሌው እጅ ቆም አለ። ያ ልጅ በግራ በኩል ሲሮጥ ሜዳው ራሱ የሚያዘነብልለት ይመስላቸው ነበር። አልገለጹም እንጂ የኮርሳ መሄድ ከልብ አሳዝኗቸዋል። ቢሆንም ውለታ አክባሪ ሰው ናቸውና መለሱ።

«ስማ ልጄ። መንግሥት ሲለወጥ ይህ ቡድን ሜዳ ላይ የቀረ ወላጅ አልባ ነበር። ማሊያ የገዛ ማነው? አቶ ደምሰው። መኪና ያቀረበ ማነው? አቶ ደምሰው። ብሎኬት ሸጦ ባገኘው ገንዘብ እንዳሻው ቢያደርግ እኔና አንተ ምን ቤት ነን? እንዲህ ያለውን ሰው ማማት ደግ አይደለም።»

«አላማኋቸውም። ረድተዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። ዛሬ የሚሆነውን ግን ነግረውዎታል?»

«ምን ይሆናል?»

«የሚመረቀው ሱልጣን ብቻ አይደለም። ሳሩን በአቶ ደምሰው እጅም እንዲያኖሩና በሕዝብ ፊት ባለቤት ብለው እንዲመርቋቸው ነው የተፈለገው። ከዚያ የቡድኑ ስም ደምሰው ብሎኬት ይባላል።»

አቶ ዱጉማ ቀና አሉ። «ብሎኬት?»

«ብሎኬት።»

ይህን ጊዜ ሽማግሌው ሳቅም ንዴትም መጣባቸው። በሕይወታቸው ሙሉ «ጎህ! ጎህ!» ያሉ ሰዎች ነገ «ብሎኬት! ብሎኬት!» ሲሉ ታያቸው። ግን ወዲያው ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«እና እኔ ምን ላድርግ? ምርቃት ተጠይቄ እምቢ ብዬ አላውቅም። ደጋፊው ካልወደደው ለምን ራሱ አይናገርም?»

«እርስዎ እኮ ነዎት አፋችንን የያዙት!»

«እኔ?»

«አዎ፣ እርስዎ። እርስዎ የመረቁት አይሰደብምና፣ የማይረባ ተጫዋች በመጣ ቁጥር ዝም እንላለን። አቶ ደምሰው ይህን ያውቃሉ። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ቶሎ ምርቃት ይደገሳል።»

ሽማግሌው በእጃቸው ያለውን ሳር አዩት። ሕልሙ ትዝ አላቸው፤ ገመድ የያዘው ሰውዬ፣ ዳር ቆመው የሚመርቁት እሳቸው። ጉሙ በዙሪያቸው ዝም ብሎ ይፈስሳል። ክፉ ሳይሠሩ ለክፉ ነገር መሣሪያ መሆን ያማል፤ ደግ ሰውን ደግሞ የበለጠ ያማል። ለመሸነፍ ግን አልቸኮሉም።

«አንተስ? እናንተ የተማራችሁት አፍ ብቻ ናችሁ። ዳር ቆማችሁ ዳኛ ከመስደብ ሌላ ምን ታውቃላችሁ? ይህን ሜዳ በደቦ ድንጋዩን ስንለቅም የት ነበርክ?»

«አልተወለድኩም ነበር» አለ ጸጋአብ አፍሮ። «ከተወለድኩ በኋላም ከጩኸት በቀር ምንም አላደረግሁም። እውነትዎን ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ የእድራችን ዳኛ ነዎት። አንድ ባለጸጋ ለእድሩ ድንኳን ቢገዛ ምን ይደረግለታል?»

«ይመረቃላ! ይመሰገናል።»

«ከዚያ ተነሥቶ፣ ድንኳኑ የኔ ነው፤ ለማን ለቅሶ እንደሚተከል እኔ እወስናለሁ፤ የእድሩንም ስም በስሜ ለውጡት ቢልስ?»

«ምን አባቱና! ከእድሩ እናስወጣዋለን እንጂ!»

ቃሉ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ደጋፊው እንደ እድር ይደራጅ። ሁሉም እንደ አቅሙ ያዋጣ፤ የሚመሩትን ይምረጥ፤ ማን እንደሚገዛና ማን እንደሚሸጥ በስብሰባ ይነገር። አቶ ደምሰውም አይባረሩ፤ አባል ይሁኑ።»

«አንተ ግን ዳር ቆመህ አትጮህም። ጸሐፊ ትሆናለህ፤ ቤት ለቤት ትዞራለህ።»

«እሺ።»

«ስትሰለች እመጣብሃለሁ!»

«ይምጡብኝ ጋሽ ዱጉማ።»

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ፉሪ ስታዘነብል ሜዳው በሰው ተሞላ። አቶ ደምሰው በሱፍ ሙሉ ልብስ ደምቀው፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው ስለ አዲሱ ስም ተናገሩ። ጥቂት እጆች አጨበጨቡ። ሌላው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ የአቶ ዱጉማን አፍ ይጠብቃል፤ እሳቸው ከመረቁ አልቋል።

ሽማግሌው መጀመሪያ ሱልጣንን ጠሩት። «አንተ እንግዳችን ነህ፣ በደል የለብህም። ጉልበትህን ያጽናልህ» ብለው ሳር ሰጡት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

ከዚያ አቶ ደምሰው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሰው ፊት ሰው ማሳፈር ለአቶ ዱጉማ ሞት ነው። ትንፋሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ ሕዝቡ ዞሩና ሳሩን ከፊት ለቆሙት አንድ አንድ ዘለላ ያድሉ ጀመር፤ ለሊስትሮው፣ ለሻይ ቤቷ ለንግስት፣ ለጸጋአብ።

«የዚህ ቡድን ባለቤት አንድ ሰው አይደለም!» አሉ። «አቶ ደምሰው ውለታዎ አለብን፤ ውለታ ግን የሽያጭ ውል አይደለም። ሳሩ አላዳረሰም። ያልደረሰው ጎንበስ ብሎ ከእግሩ ሥር ይንቀል!»

ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ጎንበስ አለ። በዚያ ወርቃማ ብርሃን ውስጥ፣ ድምፅ በሌለበት፣ ሕልም ይመስል ነበር። ቀጥ ብለው የቀሩት አቶ ደምሰው ብቻ ናቸው። ፊታቸው ቀላ፤ ወደ መኪናቸው አዩ፤ መልሰው ሕዝቡን አዩ። እግዜር ይስጣቸው፣ ቆይተው ቆይተው ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው በርከክ አሉና አንዲት ሳር ነቀሉ። ጭብጨባው ያን ጊዜ መጣ።

ከዚያ ወዲህ የጎህ ደጋፊዎች ማኅበር ቆመ። የሚገዛም የሚሸጥም በስብሰባ ይመከርበታል፤ አቶ ደምሰው ዛሬም ይረዳሉ፣ ድምፃቸው ግን እንደ ንግስት አንድ ነው። ለጡረተኛ አጥቂ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ለላፍቶና ለለቡ ልጆች ጫማና አሠልጣኝ ሆነ። ኮርሳም በዓመቱ ተመለሰ። የራሱ ያደረገውን ነገር ሰው ይጠብቀዋል፤ ድሮ ዳኛ ይሰድብ የነበረው ደጋፊ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ይጠርጋል።

አቶ ዱጉማ ያን ሕልም እንደገና አዩት። ላሞቹ ቢጫ ለብሰው ይግጣሉ። ሰውዬው ገመዱን ይዞ መጣና ምርቃት ጠየቀ። በዚህ ጊዜ እጃቸውን አላነሡም።

«ቆይ» አሉት፣ «መጀመሪያ ሰፈሩን ልጥራ።»