እትዬ ስንቅነሽና የኒሙ ዛፍ ፈቃድ

ወዳጆቼ፣ ብርጭቋችሁ ይሞላ፤ ከመጠጣታችሁ በፊት ግን ትንሽ ታገሱኝ። ዛሬ እትዬን ስንሸኝ ዝም ማለት አልችልም።

እትዬ ስንቅነሽ የመዋዕለ ሕፃናታችን ጉዳይ አስፈፃሚ ሆነው የመጡ ዕለት፣ ቦርሳቸውን ይዘው ኮስተር ብለው በሩ ላይ ሲቆሙ፣ ከዚህ ከካርቱም ከተማ አስተዳደር የተላኩ ተቆጣጣሪ መስለውን ነበር። ሕፃናቱን አሰልፈን መዝሙር አዘመርንላቸው። እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ "በጣም ቆንጆ ነው። አሁን ወንበሬን የሚያሳየኝ ማነው?" አሉን።

ስብሰባ ላይ "ያላ፣ እንሂድ" ብለው ከተነሱ ስብሰባው አለቀ ማለት ነው፤ ዳይሬክተራችን ፍቅርተማርያም ገና መግቢያው ላይ ቢሆንም። ትስቃለህ አይደል ፍቅርተማርያም?

የኒሙን ነገር ግን ማን ይረሳል? ያ የግቢያችን ትልቅ ዛፍ ከአቧራው ማዕበል በኋላ ግንዱ ተሰንጥቆ፣ በትንንሾቹ ክፍል ጣሪያ ላይ አዘነበለ። አሮጌ ዛፍ ደግሞ ያለ ከተማው ፈቃድ አይነካም። እትዬ ቢሮው ድረስ ተመላለሱ። የሹሙ የኡስታዝ ጂብሪል መልስ አንድ ነው፤ "ሐጃ፣ ቡክራ፣ ነገ ነይ።" በማግስቱ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁታል።

"ትናንት ቡክራ አልከኝ። ይኸው ነግቷል፣ መጣሁ።"

በመጨረሻ፣ "ዛፉ ከኔም ካንቺም ይልቅ ጤነኛ ነው" አላቸው።

"እንግዲያው መጥተህ ጥላው ስር ሻይ ጠጣልኝ።"

መጣ። ሀዋ ያኔ ሻይዋን የምትሸጠው እዚያው ዛፉ ስር ነበር። እትዬ ወንበሩን ልክ ከተሰነጠቀው ግንድ በታች አስቀመጡለት። ገና አንድ ጊዜ ፉት እንዳለ ነፋስ መጣና ግንዱ ሲጢጥ አለ። ቀና ብሎ አየ፤ ወንበሩን አንስቶ ወደ በሩ ሸሸ።

"አንተስ ወንበርህን አሸሸህ" አሉት። "እኔ እነዚህን ልጆች ወዴት ላሽሻቸው?"

ከውስጥ ልጆቹ ፊደል ሲጮኹ ይሰማል።  ሰውየው በማግስቱ ፈቃዱን ፈርሞ ሰጠን፤ በምትኩ ሌላ ዛፍ እንድንተክል አዞ።

ሲቆረጥ የግንዱ ውስጥ ባዶ ሆኖ ተገኘ። እኔ የትንንሾቹ ክፍል አስተማሪ ነኝ፤ ያንን ሳይ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሌሎቻችሁ እልል ትላላችሁ። እትዬ ግን የሚያዩት ሀዋን ነበር። "ጥላዋን ወሰድንባት" አሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ በአጥራችን ጥግ ሸራ አስወጠሩላት። ሀዋ፣ ይኸው ዛሬም እዚያው ነሽ።

እትዬ፣ አሁን ፊት ለፊት ልንገርዎ። በሰው አገር ደጅ ሲጠኑ የኖሩት ለራስዎ ጉዳይ አልነበረም። እነዚያ ልጆች አድገዋል፤ ከምን እንደተረፉ እንኳን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። ስለነሱም ስለራሴም አመሰግንዎታለሁ።

በሉ፣ የከርከዴ ብርጭቋችሁን አንሱ። እትዬ፣ ከእንግዲህ እግርዎ የሚገሰግሰው ወደ ልጅ ልጆችዎ ብቻ ይሁን። ጤናውን ከረጅም ዕድሜ ጋር ያድልዎ። ለእትዬ ስንቅነሽ፣ በጤናዎ!