ላልሞተው ሀሚዱ የተቆፈረ መቃብር

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ሀውራ ሙነወር
ዕድሜ፦ 49
አድራሻ፦ ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ሥራ፦ ዓሣ ጠብሶ መሸጥ
የትምህርት ደረጃ፦ ማንበብና መጻፍ አትችልም
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እሑድ ታኅሣሥ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ የሐሰት የሞት ወሬ አሰራጭቷል ተብሎ ስለተያዘው አሽከርካሪ ኡበይድ ሀምዳን
ቃሉን የተቀበለችው፦ ምክትል ሳጅን እናትነሽ ጌጤ

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በገዛ እግሬ ነው። የመጣሁበትም ምክንያት ትናንት ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ቀን የተያዘው የሚኒባስ አሽከርካሪ ኡበይድ ባልሠራው ሥራ ስለታሰረ ነው። ወንድሜ ሀሚዱ ሙነወር ሞቷል ብሎ ያወራው እሱ አይደለም። ያወራሁት እኔ ነኝ። ምስክር ተብዬ ልጻፍ ወይስ ተከሳሽ፣ እሱን ሕግ ያውቀዋል። ነገሩ ከሥሩ የሚከተለው ነው።

ወንድሜ ሀሚዱ ከሐይቁ ዓሣ እያሰገረ የሚኖር ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ልጁን ሰሚሃን ያሳደግናት አብረን ነው። ሰሚሃ ዕድሜዋ 24 ሲሆን ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ ተመልሳለች። አሁን ደግሞ እዚያው ዱባይ ከሚነሳ ትልቅ የቱሪስት መርከብ ላይ በክፍል አጽጂነት ተቀጥራ ነበር። መርከቡ የሚነሳው ዛሬ እሑድ በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት ነው። ያስቀጠሯት ሰዎች መርከቡ ሰው እንደማይጠብቅና የቀረ ሠራተኛ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ በስልክ ደጋግመው ነግረዋታል። ከሰው ኩሽና ወለል ላይ ከመተኛት ወጥታ የራሷ አልጋ ያላት፣ ስሟ ደረቱ ላይ የተጻፈ ዩኒፎርም የምትለብስበት ሥራ ስታገኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ዩኒፎርሙን ስትለካ የተነሳችውን ፎቶ የእኔ ስልክ ላይ ጭናልኝ ነበር፤ ስትደውል የሚወጣው እሱ ነው።

ወንድሜ ልጁ ሐሙስ እንድትሄድ ነበር የፈለገው። "መርከብ የእኔ ታንኳ አይደለም፤ ቀድማ ሄዳ ዳሩ ላይ ትደር" አለ። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የእናቷ ዘመዶች የሚኖሩት አምባሰል ውስጥ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ሲሆን፣ የእናቷ አጎት ሼህ ዑበይዱላህ ዱአ ሳያደርጉላት ባሕር ላይ አትወጣም ብዬ ድርቅ አልኩ። ወደ ደቡብ፣ ወደ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መውረድ ያለባትን ልጅ ዓርብ ዕለት ወደ ሰሜን ይዣት ወጣሁ። ወንድሜ ከእኔ ጋር አፍ መካፈት ስለማይወድ ተወኝ። እሱ መረብ ስለሚያነሳ አልመጣም፤ እዚሁ ሐይቅ መርቆ ተሰናበታት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ልንነሳ ነበር ያሰብነው። ዱአ ግን በጥድፊያ አይሆንም። አንዱ ሽማግሌ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፣ የሰማ ጎረቤት ይመጣል፣ የመጣ ሁሉ ይመርቃል፣ አሚን ሳይሉ ብድግ ማለት ደግሞ ነውር ነው። ሰሚሃ ስልኳን እያየች በክርኗ ትጎስመኝ ነበር። እኔም "አብሽሪ፣ ዱአ መንገድ ያሳጥራል" አልኳት። የተነሳነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የያዝነው የኮንትራት ሚኒባስ ሹፌሩ ይኸው ኡበይድ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት አላውቀውም።

4 ሰዓት ገደማ ሐይቅ ከመድረሳችን በፊት ባለ ዳገት ላይ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ተገልብጦ መንገዱን ዘግቶ አገኘን። ከፊታችን ያለው የመኪና ሰልፍ መጨረሻው አይታይም። አውሮፕላኑ የሚነሳው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ ያ ካመለጠ የአዲስ አበባውም የዱባዩም ያመልጣል፣ መርከቡም እንዲሁ። ሰሚሃ ከኋላ ወንበር ላይ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። የወንድሜ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ከመኪናው ወርጄ ወደ ፊት በእግሬ ሄድኩ።

እዚያ የአካባቢው ወጣቶች በመንገዱ ጠርዝ በኩል አንዲት ቀዳዳ ከፍተው ታማሚና ነፍሰ ጡር የያዘ መኪና ብቻ ያሳልፉ ነበር። መጀመሪያ እውነቱን ነው የተናገርኩት። ልጅቱን አውሮፕላን ሊያመልጣት ነው፣ እንጀራዋ ነው አልኩ። አንደኛው ወጣት "እኛስ እናቴ፣ ለሽርሽር ነው እንዴ የቆምነው?" አለኝ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔ ሲሳቅብኝ የማልችል ሰው መሆኔን ይህ ከተማ በሙሉ ያውቃል። ምላሴ ከእኔ ቀደመ። "አባቷ ደሴ ሆስፒታል ሞቶባታል፤ ጀናዛው ወደ ሐይቅ እየመጣ ነው፤ ፊቱን ሳታየው ሊቀበር ነው" አልኩ። የሙስሊም ቀብር እንደማይቆይ ሁሉም ስለሚያውቅ ሳቁ ቀጥ አለ። ማን ነው ሲሉኝ የሌለ ስም መፍጠር አቅቶኝ የገዛ ወንድሜን ስም ጠራሁ።

ከቆሙት ውስጥ የሐይቅ የእህል ነጋዴ የሆነው ምስጋናው ነበር። ከወንድሜ ጋር የአንድ ቅሬ፣ የአንድ የቀብር ዕድር አባላት ናቸው። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ "ሀሚዱ? ኧረ ትናንት አብረን ነበርን!" አለ። ያ ወጣት ግን አላመነኝም ነበርና "ወላሂ በይ" አለኝ። ወላሂ አልኩ። ይህንንም ሳይቀነስ ጻፉልኝ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አልረሳውም። የሳቁብኝ ሰዎች ናቸው የሲሚንቶ ከረጢት በትከሻቸው እየተሸከሙ መንገድ ያሰፉት። ሽማግሌዎች ከየመኪናው እየወረዱ ኢና ሊላሂ ይላሉ፤ መስቀል ያነገቱ ሴትዮ ደረታቸውን ይደቃሉ። ለልጅቱ ሥራ አንድ ጣት ያላነሳ ሰው ለአባቷ ሞት ወገቡን ሰጠ። በመስኮት ያዩዋትም ስታለቅስ ስላገኟት አይዞሽ አሏት፤ እሷ በመዘግየቷ ያዘኑላት መስሏት አመሰገነች። ለኡበይድ የነገርኩት ፈቀዱልን፣ መብራት አብርተህ ጥሩምባ እየነፋህ እለፍ ብዬ ብቻ ነው። እሱ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ከ5 ሰዓት በኋላ ሐይቅ ስንገባ እኔ ወረድኩ። ሸኚ አየር ማረፊያ ስለማይገባ ነው ብያታለሁ፤ እውነቱ ግን አፌ ቆሽሾብኝ አጠገቧ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። ጉልበቴን ስማ ሄደች። እኔም ምንም እንዳልተፈጠረ ቤቴን ከፍቼ ድስቱን ጣድኩ። ደረሰች፣ ተገላገልን ብዬ ነበር።

ምስጋናው ግን እዚያው እንደቆመ ለቅሬው ዳኛ ለአቶ ኸሚስ ደውሎ ኖሯል። በእኛ አገር ቅሬ ሲጠራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። የወንድሜ ቤት ዝግ ነው፤ እሱ ውኃ ላይ ነው፤ ከዚህ በፊት አንድ ስልክ ውኃ ውስጥ ወድቆበት ስለነበር አሁን ያለውን ቤት ትቶት ነው የሚወርደው። ቤቱ መዘጋቱ፣ ስልኩ አለመነሳቱ ሁሉ ለሞቱ ማስረጃ ሆነ። ጀናዛው ከደሴ እስኪመጣ ጉድጓዱ ይቆይ የሚል ሰው አልተገኘም።

መጀመሪያ የመጣችብኝ ጎረቤቴ ኑርሀያት ናት። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ጮኸች፣ ቀጥላም እሳቴን ውኃ ደፋችበት፤ ሐዘን ቤት ዘይት አይንጣጣም ብላ። ያኔ አንድ ቃል ቢወጣኝ ሁሉም እዚያው ይቀር ነበር። አልወጣኝም። አለቀስኩ። በሐፍረት ነበር ያለቀስኩት፤ ሴቶቹ ግን የወንድም ሐዘን አደረጉልኝ። ጀናዛው መቼ ይደርሳል ሲሉኝ ራሴን ነቀነቅሁ፣ እሱንም እንደፈለጉ ተረጎሙት።

7 ሰዓት ተኩል ገደማ ስልኬ ጮኸ። ዩኒፎርም የለበሰችው ሰሚሃ ወጣች። ከሐይቅ አንዲት ጓደኛዋ ደውላ አላህ ሰብር ይስጥሽ ብላታለች፤ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን ለምን እንደደወለች ገብቶኛል፤ አልገባኝም ብዬ አልዋሽም። ባነሳው አባትሽ አልሞተም ማለት አለብኝ፣ ያን ካልኩ ሴቶቹ ይሰማሉ። ወደ ጓሮ ልውጣ ብል ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም ብለው ግራና ቀኝ ይዘውኛል። ስልኩን ገልብጬ ከጉልበቴ ሥር ከተትኩት። ደግማ ደወለች። ደጋግማ ደወለች። አውሮፕላኑ ይነሳ፣ ያኔ እናገራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ እሷ ጥላው የምትመጣ መሆኗን አላሰብኩም። ከአባቷ ሞት በላይ መርከብ ታስባለች ብዬ የገመትኩት በራሴ ልክ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ያላየሁት ሲሆን የነገረኝ አቶ ኸሚስ ነው። 8 ሰዓት ገደማ ወንድሜ ዓሣውን ይዞ ከሐይቁ ሲመለስ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወደ መቃብር ሲወርድ ከሩቅ አየ። ወንድሜ ለሰው ቀብር ቀርቶ አያውቅም። ዓሣውን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ተከተለ። የደከመው አንድ ሽማግሌ ዶማውን ሲሰጥ ተቀብሎ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ስለነበር ፊቱን ያየው የለም። ከቆፈረ በኋላ ቀና ብሎ ላቡን እየጠረገ "ማን ነው የሄደብን?" ብሎ ጠየቀ። ምስጋናው እመሬት ላይ ዘጭ አለ። ገሚሱ ሸሸ። አቶ ኸሚስ ራሱ ቢስሚላህ እያለ ነበር እጁን የዳሰሰው።

አፈር እንደለበሰ ይዘውት ወደ ግቢዬ መጡ። ሴቶቹ ሲጮሁ እሱ ወደ እኔ መጥቶ "ሀውራ፣ ልጄስ ደረሰች?" አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ምስጋናው ግን ከሀውራ ነው የሰማሁት፣ ወላሂ ብላኛለች ብሎ ተናገረ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም "ለእኔም የነገረኝ ሹፌሩ ነው" አልኩ። ለዚህኛው ወላሂ በይ የሚለኝ አልነበረም፤ ስታለቅስ የዋለች ሴት ናትና አመኑኝ። ኡበይድን ያሳሰረው ይህ ቃሌ ነው።

ወዲያው ወደ ሰሚሃ ተደወለ። ስልኳ ዝግ ነበር። ባትሪውን የጨረሰችው ለእኔ ስትደውል ነው። 9 ሰዓት ተኩል አልፎ ኡበይድ ከኮምቦልቻ እየበረረ አመጣት። ኪራዩንም አልጠየቃትም፤ ሐዘንተኛ አይጠየቅም ብሎ። አባቷን በር ላይ ቆሞ ስታየው ያወጣችውን ድምፅ መግለጽ አልችልም። እሷ አባቷ ላይ እንደተጠመጠመች ወጣቶቹ ሹፌሩን ከመኪናው ጎትተው አወረዱት፣ የፊት መስታወቱን ሰበሩት፣ ቅንድቡን ፈነከቱት። ፖሊስ ደርሶ ባይወስደው ይብስ ነበር። እሱ ደሙን እየጠረገ "እናቴ፣ ኧረ በአላህ ተናገሪ፣ እኔ ምን አልኩሽ?" ይለኝ ነበር። መሬት መሬት አየሁ።

ዛሬ ጠዋት ሰሚሃ ቤቴ መጣች። "አክስቴ፣ ስልኩን ለምን አላነሳሽውም?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። "የእኔስ መርከብ አምልጦኛል። ሰውየው ግን ገና እስር ቤት ነው፤ ተነሽ" አለችኝ። ስንወጣ አባቷ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር፤ ለእሱም ለቅሬውም ተናገርኩ። ቅሬው ጉድጓዱ ዛሬም ክፍቱን እንዳያድር፣ ያስቆፈረው ሰው በእጁ እንዲደፍነው ፈርዷል። ሴት መቃብር ስለማትወርድ ወንድሜ በእኔ ፈንታ ይደፍነዋል። ገድዬው ሳለ መቃብሩንም የሚደፍንልኝ እሱ ነው።

ኡበይድ እንዲፈታ፣ ቅጣት ካለም በእኔ ላይ እንዲሆን እጠይቃለሁ። ትናንት በአላህ ስም ስለዋሸሁ ዛሬ አስምሉኝ አልልም። ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝ ሰጥቻለሁ፤ ከማውቀው ያስቀረሁት የለም፤ ሐሰት ቢገኝበት ሕግ ይጠይቀኝ። ማንበብ ስለማልችል ምክትል ሳጅን እናትነሽ ልታነብልኝ ስትል፣ የወንድሜ ልጅ እኔ ላንብብላት ብላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አንብባልኝ፣ የራሴ ቃል መሆኑን አረጋግጬ አሻራዬን አኑሬያለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ሀውራ ሙነወር (የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)
ታዛቢ፦ ሀሚዱ ሙነወር፣ በሕይወት ያለ (ፊርማ)
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን እናትነሽ ጌጤ (ፊርማ)
ያነበበችላት፦ ሰሚሃ ሀሚዱ (ፊርማ)
ተነብቦ ያበቃበት ሰዓት፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት