ከምስክርነቱ በኋላ

ሰኔ አሥራ አንድ፣ ማክሰኞ ረፋድ፣ ልክ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሽማግሌው አናጢ ዝናብ ሸሽተው መድኃኒት ቤት በረንዳ ላይ ቆመው ነበር። በጸሎት ቤታቸው ያደገችው ነርስ ከውስጥ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገናኙ። ከሰላምታ ቀጥላ የጠየቀችው፣ መዝሙር ስላስተማሯት ስለ ባለቤታቸው ነው።

አናጢው «ደኅና ናት» አሉ። ዝናቡ አላባራ ሲል ግን ሆዳቸው አልችል አለና ዘረገፉት። ባለቤታቸው በጭንቀት ሕመም ልባቸው በኃይል እየመታ፣ እጃቸው እየራደ ከቤት መውጣት ካቆሙ ከርመዋል። ሐኪም ያዘዘላቸውን መድኃኒት ያስጣሏቸው፣ በጉባኤ ፊትም «ተፈወስኩ» ብለው እንዲመሰክሩ ያደረጓቸው አናጢው ናቸው። በጉባኤው ዘንድ አንዴ የመሰከረ ሰው «ዳግም ታመምኩ» ካለ ፈጣሪን እንዳሳጣ ይቆጠራል። ስለዚህ ሴትየዋ ትንፋሽ ሲያጥራቸው «ጉንፋን ነው» እያሉ ደበቁት።

«ልጄ፣ አትጨነቁ ተብለን ታዘናል» አሉ አናጢው። «ትእዛዝ የጣሰ ንስሐ ይገባል እንጂ ክኒን ይውጣል?»

«ጋሼ፣ እሱ ለተጨነቀ ሰው የተነገረ ማጽናኛ ነው። እርስዎ ዱላ አደረጉት።»

«በሚስቴ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም።»

«አውቃለሁ። ግን "እምነትሽ የት ሄደ?" ብለዋቸው አያውቁም?»

አናጢው ትዝ አላቸው። ብለዋቸዋል፤ ያውም ገበታ ላይ፣ ልጆች እየሰሙ።

ነርሷ የያዘችውን ከረጢት ከፈት አድርጋ አሳየቻቸው። «ይኼ የጭንቀት መድኃኒት የራሴ ነው። ጸልዬ እውጠዋለሁ፤ እሑድ እዘምራለሁ። ሲያመኝ እኔም ጉንፋን ነው እላለሁ።»

«ጉባኤው በሙሉ ጉንፋን የያዘው ለካ ለዚህ ነው» አሉ አናጢው። ሊስቁ ፈልገው አልሆነላቸውም። ይህን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው የተኛችው ሴት የፈራችው ሕመሟን ሳይሆን እሳቸውን እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው።

ዝናቡ እስኪያባራ ሳይጠብቁ ቤት ገቡና ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀመጡ። «የዋሸሽው አንቺ አይደለሽም፤ ያስዋሸሁሽ እኔ ነኝ» አሏቸው። እሑድም ይህንኑ በጉባኤው ፊት ደገሙት። አንዳንዱ አጉረመረመ፤ ሦስት እናቶች ግን ከጸሎት በኋላ ስለ ደበቁት ሕመማቸው ነርሷን ለብቻ አነጋገሯት። ሕመሙን የደበቀ ሰው ብቻውን ይታገላል፤ የተናገረ ግን ሐኪምም ወንድምም ያገኛል፤ ጸሎቱም ከፍርሃት ይላቀቃል።

ሴትየዋ ታክመው እንቅልፍ አገኙ፣ ገበያ መውጣትም ጀመሩ። ሲከፋቸው የሚነግሩት ግን ለነርሷ እንጂ ለባላቸው አልነበረም።