የመሪጌታው ኮምፒውተር

«አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ሰብስቢ፤ ኮምፒውተር አለ» አሉኝ መሪጌታው፣ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ። ከጎናቸው ያለው ወጣት ጥገና የሚያውቅ ኖሮ ጠየቃቸው፦

«ምን ሆነብዎ?»

«ሜሞሪ ከተጨመረለት ወዲህ ሴቭ ሳላደርግ ድርግም ይላል። የሟች መምህሬን ቅኔ ሦስቴ ጻፍሁት፤ ሦስቴም ጠፋ።»

«አሮጌው ሜሞሪስ?»

«አብሮ አለ።»

«ላይስማሙ ይችላሉ።»

«አንዱ በግዕዝ፣ አንዱ በዕዝል እያዜመ ነው በለኛ።»

«እንደዚያ ነው። አንዱን ነቅለው በሌላው ብቻ ይሞክሩት፤ ከዚያ ይቀያይሩ።»

«ዜማ የሚያበላሽ ተማሪም የሚለየው ለብቻው ሲያዜም ነው።»

«እስከዚያው ቅኔውን በወረቀት ይያዙት።»

«በቃሌ ይዤዋለሁ። ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው ግን የለም።»

ጨዋታቸውን ስሰማ መውረጃዬ አልፎኝ ኖሯል፤ «ወራጅ አለ» ብዬ ወረድሁ።